ለሞተር ወፍጮ የተጻፈ ዜማ

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት መጽሐፍ ሲገለብጥ ከዋናው ላይ ያያትን አንዲት ነጥብ አያስቀርም ነበር። ይህን ሰቆጣ ሁሉ መስክሮለታል። ምስክርነቱም እውነት ነው፤ ችግሩ ብራና ላይ ያየውን ነጥብ ሁሉ ሊቅ ያስቀመጠው ይመስለው ስለነበር ነው። ገና በተማሪነቱ የመምህሩን ድጓ ሲገለብጥ፣ ዝንብ የጣለችውን ሦስት ነጠብጣብ ከዜማ ምልክት ቆጥሮ በጥንቃቄ አሰፈራቸው። ጓደኞቹም በዚያ ግልባጭ እየተማሩ አንድ ዓመት ሙሉ ዝንቧ ባዘዘችው ቦታ ድምፃቸውን ሲይዙ ከረሙ። መምህሩ ነገሩ ሲገባቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በመጨረሻም «ይህ ልጅ ማስተዋል የጀመረ ቀን ትልቅ ጸሐፊ ይሆናል» አሉ። ትልቅ ጸሐፊነቱ በጊዜው መጣ። ማስተዋሉ ትንሽ ዘገየ።

የተወለደው ደሃና ነው፤ ቤት ከቤት ተራርቆ ጎረቤት ጎረቤቱን በጩኸት በሚጠራበት የገብስ አገር። አፉን የፈታው በኽምጣኛ ስለሆነ አማርኛው የቤተ ክህነት አማርኛ ነበር፤ የተስተካከለ፣ ቀስ ያለ፣ ንዴት ሲመጣ ግን ጥሎት የሚሮጥ። ዜማ ሊማር ሰቆጣ ወረደና እዚያው ቀረ። ጣልያን መጣ፣ ጣልያን ሄደ፤ እሱ ግን ብርዑን አላስቀመጠም። የቄስ ልጅ የሆነችውን ወለተ ሰንበትን አገባ። ሁለት ሴቶች ወለዱ፤ አንዷ አምደወርቅ፣ አንዷ አበርገሌ ተዳሩና ቤቱ ለባልና ለሚስት ብቻ ሆነ።

የሚታወቅበት ሥራ የዜማ ምልክት ነው። የዜማ መጽሐፍ ንባቡ በደማቁ ይጻፋል፤ ከንባቡ በላይ ደግሞ ነጥብና ጭረት የመሰሉ ደቃቅ ምልክቶች ይሰፍራሉ። ይዘት ድምፅን ያስይዛል፣ ድፋት ዝቅ ያደርጋል፣ ቁርጥ ባጭሩ ያስቆርጣል፣ ርክርክ ያርገበግባል። ወልደ ሐዋርያት መጀመሪያ ንባቡን ጽፎ ይጨርስና ብራናውን አድርቆ፣ ቀጭን ብርዕ ቀርጾ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ ምልክቱን ብቻ ያወርዳል። ምልክት በአንድ ፊደል ከተንሸራተተ የተመረጡ መዘምራን ከነመቋሚያቸው ይሳሳታሉ። ሃያ አምስት ዓመት ሲጽፍ አንድም ቀን አልተንሸራተተበትም፤ እሱም ይህን ማንም ሳይጠይቀው ይናገር ነበር።

የማይናገረው ሌላ ነገር ነበረው።

ወለተ ሰንበት በ1950 ዓ.ም. ውሃ ቀድታ ስትመለስ አዳለጣትና ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ወጌሻ መለሰላት፤ ክንዷ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ወጥ ታማስላለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ መጁን መግፋት ግን አልቻለችም። በዚያ አገር ያልተፈጨ እህል ደግሞ እህል አይባልም። ሠራተኛ ቢቀጥሩ ከወር በላይ አልቆየችላቸውም። በመጨረሻ አንድ ቀን ወልደ ሐዋርያት ጥምጣሙን ፈትቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ራሱ ተንበረከከ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱን ገብስና ማሽላ የሚፈጨው መሪጌታው ሆነ።

ይህ ቢሰማ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ወንድ ልጅ፣ ያውም መሪጌታ፣ ወፍጮ ሥር ተንበርክኮ ተገኘ ቢባል በጠላ ቤቱ ሁሉ ይዘፈንበታል፤ ቅኔ የሚያውቁት ባልደረቦቹማ በዘፈን ብቻ አያበቁለትም። ስለዚህ የሚፈጨው በገበያ ቀን፣ መንደሩ ባዶ ሲሆን ነው። ወለተ ሰንበት ደጃፍ ላይ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ሰው ብቅ ካለ ትስላለች፤ እሱም ዘሎ ይነሳና ብራና ያነሳል። አንድ ጊዜ ጢሙ ላይ ዱቄት ቀርቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። «ሸበቱ እንዴ?» ቢሉት «ዕድሜ ነው» አለ። በማግሥቱ ሽበቱ ሲጠፋ ማንም ምንም አላለም፤ እሱም ብልጠቱ እንደሠራለት ቆጠረው።

እንዲህ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ በ1957 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ነጋዴው አቶ ወርቅአገኘሁ የሞተር ወፍጮ አስመጣ። ከኮረም በጭነት መኪና፣ ተፈታትቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። አብሮት የመጣው መካኒክ ገበያው ይባላል፤ በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ጣልያንኛን ግማሹን ከአለቃው ትእዛዝ፣ ግማሹን ከአለቃው ስድብ የተማረ ቀልደኛ ሰው። ገበያው ሞተሩን በሦስት ቀን ገጣጥሞ አስነሳው። ድምፁ ሲሰማ ውሻ ሁሉ ከከተማው ወጣ። ወልደ ሐዋርያት ከሰው ኋላ ቆሞ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጩኸት በሕይወቱ እንዳልሰማ አሰበ። ጉልበቱ ወዲያው የዳነ መሰለው።

ግን ዝናቡ እየደረሰ ነው፤ ክረምት ከገባ መንገዱ እስከ መስከረም ይዘጋል፤ ገበያውም መመለስ አለበት። የሞተሩ መመሪያ በጣልያንኛ የታተመ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ያንንም ገበያው ኮረም ላለው ሌላ ወፍጮ ይፈልገዋል። አቶ ወርቅአገኘሁ አሰበና መላ መታ፦ ገበያው መስመር በመስመር እየተረጎመ ይንገር፤ መሪጌታ በአማርኛ ይጻፍ። ወረቀት ናፍጣ ይበላዋልና ብራና ላይ ይጻፍ።

ወልደ ሐዋርያት ክፍያውን ሳይጠይቅ እሺ አለ። አቶ ወርቅአገኘሁ ይህን ከመንፈሳዊነት ቆጠረለት።

ሁለት ቀን ጻፉ። ገበያው አንድ የጣልያንኛ መስመር ያነባል፣ በአማርኛ ይናገራል፤ ወልደ ሐዋርያት ያንኑ በአንድ መስመር ያሰፍራል። «ናፍጣውን ቀስ ብለህ ክፈት።» «ማኖቬላውን በኃይል አዙር።» «ቺንጋው መሃል ለመሃል መሆኑን እይ።» ማኖቬላ ሞተሩ የሚነሳበት እጀታ፣ ቺንጋ ደግሞ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዝ ጠፍር ነው። ንባቡ አለቀ። ሦስተኛው ቀን ለሥዕሎቹ ቀረ፤ ወልደ ሐዋርያት መጽሐፉን ተቀብሎ ብቻውን ፊቱ ዘረጋው። ያኔ ነው ያያት።

ከፈረንጁ ፊደል አናት ላይ ጭረት አለች። ገጹን ገለጠ፤ ሌላ ጭረት። ነጥብማ በየመስመሩ፣ እንደ ተዘራ ጤፍ ነው። አንዳንዱ ቦታ ከፊደሎች መካከል የተንጠለጠለች ጭራ አለች፤ ከቁጥሮቹም ራስ ላይ ትንንሽ ክብ። መጽሐፉን ታቅፎ ወደ መካኒኩ ሮጠ። ገበያው ከጭነት መኪናው ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

«ገበያው! ይህ ከፊደሉ በላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ጭረቱ። ነጥቡ። ምልክቱ ነዋ!»

ገበያው ከመኪናው ሥር አንገቱን አወጣ፤ የመሪጌታውን ፊት አየ። ቀልደኛ ሰው እንዲህ ያለ ፊት አይቶ ዝም ማለት አይችልም። «ዜማ ነው እንጂ መሪጌታ!» አለ። «ጣልያን ሳያዜም ቡሎን ሲያጠብቅ አይተው ያውቃሉ?»

ወልደ ሐዋርያት አሰበ። እውነትም አላየም። መንገድ ሲሠሩ ይዘፍኑ ነበር፤ ድንጋይ ሲጭኑ ይዘፍኑ ነበር፤ ጢማቸውን ሲላጩ ሳይቀር ይዘፍኑ ነበር። አመስግኖ ተመለሰ፤ ገበያውም እየሳቀ ወደ መኪናው ሥር ገባና ነገሩን እዚያው ረሳው። ብዙ አንፍረድበት። ጭረቷን በተመለከተ ውሸቱ ፍጹም ውሸት አይደለም፤ ለጣልያኖቹ ድምፅ የት እንደሚበረታ ታሳያለች። ነጥቧ ግን የፊደሏ አካል ብቻ ናት፤ ለማንም ምንም አታዝም።

ወልደ ሐዋርያት ከፍተኛ ሥራ እንደ ተሰጠው ሰው ተቀመጠ። ንባቡን ጽፎ ምልክቱን መተው ለእሱ ግማሽ መጽሐፍ መስረቅ ነው። ግን የፈረንጁን ምልክት በየትኛው የኛ ምልክት ይመልሰው? ለነጥቧ ይዘትን ሰጣት። ለጭረቷ ድፋትን። የተንጠለጠለችው ጭራ ቁርጥ ሆነች። ክቧ አስቸገረችው፤ በዜማ ቤት ክብ ምልክት የለም። ምሳውን ትቶ አሰበና ርክርክ አላት። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የጣልያንኛው ቃል ከአማርኛው ቃል ጋር ጎን ለጎን አይሄድም። የቱ ነጥብ የቱ ቃል ላይ ይረፍ? ይህንንም ፈታው፤ ቆጠረ። በሦስተኛው የጣልያንኛ መስመር አሥራ አንድ ነጥብና አንድ ጭራ ካለ፣ በእሱም ሦስተኛ መስመር አሥራ አንድ ይዘትና አንድ ቁርጥ ይኖራል፤ መጀመሪያው ወደ መጀመሪያው፣ መጨረሻው ወደ መጨረሻው ተጠግቶ። ሲጨርስ ከማንኛውም ድጓ ያላነሰ ያማረ ብራና ሆነ። ገበያው ሳያየው መኪናው ተነሳ፤ ደመናው ከኋላው ነበርና።

ወፍጮውን እንዲያንቀሳቅስ የተቀጠረው ይግዛው ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ድጓውን ግማሽ ተምሮ ትዳር ሲይዝ የተወ፣ ታዛዥ ሰው። ብራናውን ሲያይ አይኑ ፈጠጠ።

«የኔታ፣ ምልክት አለበት።»

«አለበት።»

«ላዚመው?»

ወልደ ሐዋርያት ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ሞተር ጆሮ የለውም፤ ስለዚህ ዜማው ለድምፅ ሊሆን አይችልም። «በድምፅህ አይደለም፣ በእጅህ ነው» አለው። «ይዘት ያለበት ላይ እጅህን ያዝ። ድፋት ያለበት ላይ ዝቅ አድርግ። ቁርጥ ሲመጣ ቁረጥ። ርክርክ ሲመጣ አርገብግብ። ምልክቱን የማትጠብቅ ከሆነ ብራናዬን መልስልኝ።»

«እጠብቃለሁ የኔታ» አለ ይግዛው፤ የማይጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ደህና ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከሠላሳ የሚበልጡ ሴቶች ስልቻቸውን አዝለው መጡ። ወለተ ሰንበትም ነበረች፤ ገብሷን ወልደ ሐዋርያት ራሱ እስከ ደጃፉ ተሸክሞላት ነበር። ይግዛው ብራናውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እያነበበ ጀመረ። «ናፍጣውን» የሚለው ላይ ቁርጥ አለ፤ ከፈተና ወዲያው ዘጋ። «ማኖቬላውን በኃይል አዙር» የሚለው ላይ አራት ይዘት አለ፤ ግማሽ አዙሮ ያዘ፣ ግማሽ አዙሮ ያዘ። ሞተሩ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት በሬ ሁለት ጊዜ አጓርቶ ማኖቬላውን ወደ ኋላ ወረወረበት፤ ይግዛው ዱቄት በሚያርፍበት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ተነስቶ ቀጠለ፤ ታዛዥ ነው ብለናል። «ቺንጋው» ላይ ርክርክ ነበርና ቺንጋውን በሁለት እጁ ይዞ አርገበገበው። ቺንጋው ከመዘውሩ ወጥቶ የአቶ ወርቅአገኘሁን ባርኔጣ ይዞ ሄደ።

በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው በኽምጣኛ ተራገሙ፣ በመጨረሻ እህላቸውን ሳይፈጩ አዝለው ተመለሱ።

«ምልክቱን አልጠበቅህ ይሆናል» አለ አቶ ወርቅአገኘሁ።

«አንዱንም አልሳትኩ!» ይግዛው ሊያለቅስ ደረሰ።

«እንግዲያው ሞተሩ ነው የተበላሸው። መሪጌታ እንደሆኑ አይሳሳቱም። አንድ የጨው መኪና ቀርቷል፤ ነገ ጠዋት ይሄዳል። ጭኜ ኮረም እልከዋለሁ። በዚያው ይሸጥ፤ ሰቆጣ ሞተር አይስማማትም።»

ወልደ ሐዋርያት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩ የተገለጠለት ቺንጋው ሲርገበገብ ነው። ያች ርክርክ ያረፈችበት መስመር በዋናው መጽሐፍ ላይ በቁጥር ይጀምር ነበር፤ በዚያ ቁጥር አናት ላይ ያለችውን ክብ ርክርክ ያላት እሱ ነው፤ ምሳውን ትቶ፣ ከሐሳቡ አውጥቶ። ተናገር ተናገር አለው፤ አፉ ግን አልተከፈተም።

ያልተከፈተበትም ምክንያት አለው። ደብሩ አዲስ ድጓ ሊያስጽፍ ነው፤ አለቃው ለሐሙስ ቀጥረውታል። ጸሐፊ ዕድሜውን ሁሉ የሚጠብቀው ሥራ ይህ ነው። የማያውቀውን ምልክት ከልቡ አመንጭቶ ጻፈ ከተባለ ድጓው ቀረ፤ የሚብሰው ደግሞ በሃያ አምስት ዓመት የጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ይጠረጠራል። «ይችስ ከየት መጣች? ያችስ?» ይባላል። ዝም ካለ ግን ማንም አያውቅበትም። ሞተሩ ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ተጭኖ ይሄዳል።

ይህን እያሰበ ቤቱ ሲደርስ ወለተ ሰንበት ቀድማው ገብታ ነበር። ወፍጮው ላይ ተንበርክካ አገኛት። ቀኝ እጇን ጡቷ ሥር ሸጉጣ መጁን በግራዋ ትገፋለች። መጁ አንድ ስንዝር ይሄድና ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሁለት ቀን ስትቆም ስትቀመጥ ደከመህ ብዬ ነው። ትንሽ ለእራት ብቻ።»

«ተነሽ።»

«ደርሻለሁ፣ ተወኝ።»

ደርሳ አልነበረም። ወልደ ሐዋርያት ድንጋዩ ላይ የተበተነችውን አንድ እፍኝ ገብስ አየ። አፈረ። አለቃውን ሲፈራ፣ ስሙን ሲፈራ፣ የዚህችን ሴት ክንድ ረስቷት ነበር። ጎኗ ተቀመጠና ሁሉን ነገራት፤ ነጥቡን፣ ጭረቱን፣ የገበያውን ቀልድ፣ ሐሙስን።

ወለተ ሰንበት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «ቢላህ የታለ?» አለችው።

«የቱ ቢላ?»

«ብራና የምትፍቅበት። አንተው የጻፍከውን አንተው ፋቀው። ነገ ከተጫነ ኮረም ድረስ ሄደህ ልትፍቅ ነው?»

በማግሥቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ሴቶቹ ተስፋ አልቆረጡም ነበር፤ አሁንም ስልቻቸውን ይዘው ተኮልኩለዋል። አቶ ወርቅአገኘሁ ገመድ ያስመጣል። ይግዛው አንድ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ወልደ ሐዋርያት ማንንም ሳያይ ብራናውን ከግድግዳው አወረደ፤ መሬት ላይ ዘረጋው፤ ቢላውን አወጣ።

«ይህን ምልክት አላውቀውም» አለ ጮክ ብሎ። «ፈረንጁ ያስቀመጠው ለምን እንደሆነ አላውቅም። አላውቅም ማለት ከብዶኝ ከራሴ አመንጭቼ ጻፍኩት። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። የይግዛውም አይደለም። የእኔ ነው።»

ተናግሮም ከፈለ። ወሬው ለቀትር ደብሩ ዘንድ ደረሰ፤ ድጓው ሐሙስ ዕለት ለሌላ ጸሐፊ ተሰጠ። እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ዳዊት ይገልብጥ እንጂ የዜማ መጽሐፍ የሚያስጽፈው አልተገኘም። ይህን ያህል እንደሚቆይ ያን ጠዋት አላወቀም፤ እንደሚከፍል ግን ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ፋቀ። መጀመሪያ ርክርኮቹን፣ ከዚያ ቁርጦቹን። ይዘቶቹ ብዙ ስለነበሩ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ፋቀ። ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው ያዩታል።

«በል ይግዛው» አለ ሲጨርስ። «ንባቡን ብቻ። እንደ ደብዳቤ።»

ይግዛው እየፈራ አነበበ። ናፍጣውን ቀስ ብሎ ከፈተ፤ አልዘጋም። ማኖቬላውን በኃይል አዞረ፤ አልያዘም። ሞተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰ፣ ሁለት ጊዜ አነጠሰ፣ ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ ብሎ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ በሞተሩ ጩኸት ማንም አልሰማውም፤ አፋቸው ብቻ ይታይ ነበር።

አቶ ወርቅአገኘሁ ገመዱን ጥሎ ወደ ወልደ ሐዋርያት ጆሮ ተጠጋ። ነጋዴ ነውና ያልገባው ነገር ነበር። «ዝም ቢሉ ማን ያውቅብዎት ነበር? ድጓው ሊቀርብዎት!» ብሎ ጮኸ።

«ምን?»

«ለምን ተናገሩ? እርስዎን ወፍጮ ምን አገባዎት?»

ወልደ ሐዋርያት የሳምንቱ ሐሳብና የሰባቱ ዓመት ድካም በአንድነት አፉ ላይ መጣበት። ባለ በሌለ ድምፁ ሊመልስለት ሳንባውን ሞላ። በዚያው ቅጽበት ይግዛው ቀጣዩን መስመር አነበበ፤ መስመሩ «አሁን አጥፋና ዘይቱን እይ» ይላል፤ እሱም ታዛዥ ነውና አጠፋ። ሞተሩ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የመሪጌታው ድምፅ፣ ደብር የሚሞላው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

«የምፈጨው እኔ ነኛ! ሰባት ዓመት ሙሉ!»

ወለተ ሰንበት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወልደ ሐዋርያት አይኑን ጨፈነ። ሳቁን ጠበቀ። ዛሬ ማታ የሚወጣበትን ዘፈን ጠበቀ። ሳቅ ግን አልመጣም፤ አይኑን ሲገልጥ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ነው። በመጨረሻ አገኘሁሽ የምትባለው፣ ከአጥሩ ባሻገር ያለችው ጎረቤቱ፣ ስልቻዋን መሬት አስቀመጠች።

«መሪጌታ፣ ይህን ለእኛ ነው የሚነግሩን?»

«እንዴት?»

«በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ እያዜሙ ይፈጫሉ። ለበዓል ሲሆን ዜማውን ያፋጥኑታል፤ ያኔ ዱቄቱ ይሻክራል፣ ወለተ ሰንበት ያበደረችኝን አይቼዋለሁ። ሲደክምዎት ደግሞ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ። ሴት ወፍጮ ላይ አትቆምም።»

ወልደ ሐዋርያት ሲፈጭ እንደሚያዜም እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። «ማን ነው የሰማ?» አለ ድምፁ ጠፍቶ።

«ማን ነው ያልሰማ!» አለች ከኋላ አንዲት አሮጊት። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወለተ ሰንበት ስትስል» አለች አገኘሁሽ፣ «እኛ እንስራችንን ይዘን በላይኛው መንገድ እንዞራለን። እንዳትደነግጡ ብለን ነው። ሰባት ዓመት ስትስልብን ዞርን።»

«ለባሎቻችሁስ?»

አገኘሁሽ እንደ ሞኝ አየችው። «ለባሎቻችን ብንነግር ይስቃሉ። ከሳቁብዎት ይተዉታል። ከተዉት ይህች ሴት በአንድ እጇ ተመልሳ ትንበረከካለች። ስለዚህ ለማንም አልነገርንም።» ከዚያ ዞር ብላ አቶ ወርቅአገኘሁንና ይግዛውን፣ በቤቱ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ወንዶች፣ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። «እናንተስ የሰማችሁት ነገር አለ?»

«ምንም» አለ አቶ ወርቅአገኘሁ፤ እሱ ዘንድ እህል የምታስፈጨው እሷ ናትና። ይግዛው ዘይቱን በጣም በትኩረት ማየት ጀመረ።

ወልደ ሐዋርያት ሰባት ዓመት በሩን የዘጋው፣ ጢሙን ያራገፈው፣ ሳል በሰማ ቁጥር የዘለለው ከእነዚህ ሴቶች ለመደበቅ ነበር። እነሱ ደግሞ በሩ ባዶ እንዲሆንለት በላይኛው መንገድ ሲዞሩ ኖረዋል፤ ያውም እንስራ ተሸክመው፣ አቀበቱን። ምስጋና ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አማርኛውም ኽምጣኛውም አልመጣለትም። ጉንጩ ላይ የወረደውን እንባ በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«በሉ ይብቃ፣ ፀሐዩ ወጣ» አለች አገኘሁሽ። «ይግዛው፣ አስነሳው። መሪጌታ፣ ወረፋዎ ከእኔ በኋላ ነው።»

ወለተ ሰንበት ስልቻውን በደህናዋ እጇ አንስታ አቀበለችው። እሱም ተቀብሎ በሴቶቹ መካከል ቆመ።